በስህተት የተጻፈ ስም

«‹... ስለሆነም ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ግለሰብ ወላጅ አባቴ ሳይሆኑ የእናቴ ወንድም ሲሆኑ፣ አንደኛ ክፍል ስመዘገብ በአባት ስም ቦታ የእርሳቸው ስም የገባው በስህተት በመሆኑ...›» ሰይፈዲን ንባቡን አቋርጦ ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። «እስከዚህ ልክ ነው፣ እህቴ?»

ኖላዊት ወደ በሩ ተመለከተች። የሰይፈዲን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍርድ ቤቱ አጥር ጋር ተጣብቃ የተሠራች ጠባብ ክፍል ስለሆነች፣ በሯ ላይ ባለው አግዳሚ የተቀመጠ ሰው የሚነበበውን ሁሉ ይሰማል። ያሳደጋት አጎቷ ጉታ ቀኝ እግሩን በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ዘርግቶ ወደ ጎዳናው ይመለከት ነበር። ፊቱን ቢያዞርም ጆሮው እዚሁ እንደ ነበረ ታውቃለች።

«ሌላ ቃል የለም?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ለየትኛው?»

«‹በስህተት› ለሚለው።»

ሰይፈዲን ፈገግ አለ። «ሌላ ቃልማ ሞልቷል። ‹ሆን ተብሎ› ልበል? እሱን ካልኩ ዳኛዋ ያንቺን ስም ትታ ሰውዬውን ነው የምትይዘው። ‹በስህተት› ማለት ማንም አይከሰስም ማለት ነው። እኔ በቀን አሥር ጊዜ እጽፋታለሁ። ይሄ ከተማ እንዳለ ተሳስቶ ነው የተመዘገበው።»

«ይሁን» አለች። «ይቀመጥ።»

ማተሚያው እያጓራ ወረቀቱን ተፋው።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ የኮሌጁ ምዝገባ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ኖላዊት ለነርሲንግ ትምህርት ከተጠየቁት መሥፈርቶች አንዱም አልጎደለባትም ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ከመቁረጫው ነጥብ በላይ ነው። በመግቢያ ፈተናው ከአራት መቶ በላይ ተፈታኞች አንደኛ ወጥታለች። በቃለ መጠይቁም «ለምን ነርስ መሆን ፈለግሽ?» ተብላ ስትጠየቅ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ የአባቴን ቁስል አጥቤአለሁ። ቁስል መድኃኒት ብቻ አይበቃውም፤ በየቀኑ የሚመጣ ሰው ይፈልጋል» ብላ መልሳ፣ ከጠያቂዎቹ አንዱ ብዕሩን አስቀምጦ ተመልክቷት ነበር። የቀረው የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ ነበር፤ እሱንም ከተወለደችበት ከላንቴ ቀበሌ አውጥታ ረቡዕ ጠዋት አስገባች።

የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ወይዘሮ ውብአየሁ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። በትራንስክሪፕቱ ላይ «ኖላዊት ጉታ» ይላል፤ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ኖላዊት ሀብተሚካኤል»።

«በእኔ ዐይን አንድ ልጅ ነሽ» አሏት። «በወረቀት ግን ሁለት ሰው ናችሁ። እኔ መመዝገብ የምችለው ደግሞ አንዷን ነው።»

«የትምህርት ቤቱ ስም ቢጸናልኝስ? ያሳደገኝ እሱ ነው።»

«እሱ የጉዲፈቻ ክርክር ነው፣ ልጄ፤ ወራት ይፈጃል። ቦታሽ ቅዳሜ ጠዋት ለተጠባባቂ ይሰጣል። ወላጅ አባትሽ በሕይወት ካሉ እሳቸውንም ያሳደገሽንም ሰው ፍርድ ቤት ይዘሽ ቅረቢ። ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑ፣ ትክክለኛው የወላጅሽ መሆኑ ይረጋገጥና ማኅተሙን ይዘሽ ነይ።»

ጉታ የእናቷ የበለጥሽ ታላቅ ወንድም ነው። በለጥሽ ስትሞት ኖላዊት ሦስት ዓመቷ ነበር። ወላጅ አባቷ ሀብተሚካኤል ሌላ ትዳር ይዞ በሙዝ እርሻው ሲጠመድ፣ ጉታ ሕፃኗን በጀርባው አዝሎ ወደ ዶርዜ ወጣ፤ ኋላም ሸማውን ለመሸጥ እንዲቀናው አርባ ምንጭ ከተማ ገብቶ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየ። ሚስቱ ቀደም ብላ ትታው ስለሄደች የራሱ ልጅ አልነበረውም። ኖላዊት ነፍስ ያወቀችው በእሱ ቤት ነው፤ «አባዬ» ያለችውም እሱን ነው።

እግሩ ከታመመ ሁለት ዓመት ሆነው። ሸማ የእጅ ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው ሸማኔን ሲሠራ አላየም፤ ድሩን የሚከፍተው እግር ነው፤ መርገጫዎቹን የሚይዙት የእግር ጣቶች ናቸው። የጉታ ሁለት ጣቶች ባለፈው ዓመት ተቆርጠዋል። በጤና ጣቢያው ያለችው ሲስተር ሐሊማ ቁስሉን እንዴት ማጠብና ማሸግ እንዳለባት ለኖላዊት ያስተማረቻት ገና ሲታመም ነው።

ማመልከቻውን ይዛ ወጥታ በሩ ላይ ጉታ አጠገብ ተቀመጠች። ሀብተሚካኤል ገና አልመጣም። ፍርድ ቤቱ ካለበት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል የሐይቁ ውኃ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይታያል።

«ጨረሰ?» አለ ጉታ በጋሞኛ። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሌላ ቋንቋ አይናገሩም።

«ጨረሰ።»

«አንደኛ ክፍል ስትገቢ መምህሩ የጠየቀሽን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ። ‹አባትሽ ማን ይባላል?› አለኝ። ከዚያ ሁሉ አማርኛ ያወቅኩት ‹አባት› የምትለዋን ብቻ ነበር። ወደ አንተ ጠቆምኩ።»

«እኔስ አማርኛ የማልሰማ መስሎሽ ነበር?»

ዞራ አየችው።

«ሸማ ተሸክሜ ስንት ከተማ ዞሬአለሁ» አለ። «ቃሏን አሳምሬ አውቃት ነበር። ‹አይ፣ አጎቷ ነኝ› ልል አፌን ከፈትኩ። ጣትሽ ግን እንደ ተቀሰረ ነበር፤ ትንሽ ጣት፣ ቀለም የነካው። አፌን ዘጋሁ። መምህሩ ‹ስምህ?› አለኝ፤ ‹ጉታ› አልኩት። ሲጽፍ አየሁት። ወደ ቤት ስንመለስ አዝዬሽ ነበር፤ መሬት አልረገጥሽም።» ወረቀቱን በአገጩ ጠቆመ። «ስህተት አልነበረም፣ ኖላ። አሁን ምዬ ስህተት ነበር ካልኩ ጎሜ ነው።»

ጎሜን ኖላዊት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሰው ነውር ሲሠራ፣ ይልቁንም ምሎ ሲዋሽ፣ በገዛ አካሉ ወይም በቤቱ ላይ የሚወርድበት መዘዝ ነው። በዶርዜ ሰው ሲታመም ሽማግሌዎች አስቀድመው የሚጠይቁት «የት ያምሃል?» ብለው አይደለም፤ «ምን አጥፍተሃል?» ብለው ነው።

«እግሬም ከዚያው የመጣ ነው» አለ ጉታ። «የሌላ ሰው ልጅ በስሜ አስጽፌ አሥራ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።»

«አባዬ፣ እግርህ ስኳር ነው። ሲስተር ሐሊማ ስንት ጊዜ ነገረችህ?»

«ስኳሩንስ ማን አመጣው?»

በመግቢያ ፈተናው አንደኛ የወጣችው ልጅ መልስ ነበራት። ስለ ደም ሥርና ስለ ነርቭ፣ ስለ ቆሽት፣ ሁሉንም በሥዕል ጭምር ልታስረዳው ትችላለች። ግን የጠየቃት ያንን እንዳልሆነ ገባት። «ይቅርብን» አለች በመጨረሻ። «በሚቀጥለው ዓመት እመዘገባለሁ።»

«በሚቀጥለው ዓመት መሥፈርቱን ይለውጡታል። ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ማን ሰጠን?» ጋቢውን ከጉልበቱ አንሥቶ ትከሻው ላይ ጣለ። «ሰውዬሽ መጣ።»

ሀብተሚካኤል ከሞተር ብስክሌት ወርዶ አቧራውን እያራገፈ መጣ። በአንድ እጁ የበሰለ የሙዝ ዘለላ አንጠልጥሏል። ጉታን አቅፎ ሳመው፤ ኖላዊትንም ሊያቅፋት እጁን ዘርግቶ መሐል ላይ አመንትቶ ጨበጣት።

«አደግሽ! እናትሽን መሰልሽ» አለ። ሙዙን ሰጣትና ወደ ሰይፈዲን ዞረ። «እኔ ምን ልበል? ‹ልጄ ናት› ብል ይበቃል?»

«ይበቃል» አለ ሰይፈዲን በሩን ተደግፎ። «እርስዎማ ምን አለብዎት፤ እውነቱን ብቻ ነው የሚናገሩት።»

ተራቸው የደረሰው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ዳኛዋ መነጽሯ ከአፍንጫዋ ጫፍ የተንጠለጠለ፣ ድካሟን የማትደብቅ ሴት ነበረች። ሁለቱን ወንዶች አስማለችና ወደ ሀብተሚካኤል ዞረች።

«ልጅዎ ናት?»

«ልጄ ናት፣ ክብርት ዳኛ።»

«መቼ ተወለደች?»

ሀብተሚካኤል ጣሪያውን አየ፤ ቀጥሎ ጉታን አየ።

«በመስቀል ማግስት» አለ ጉታ። «ሐሙስ ነበር። ዝናብ ነበር።»

«እርስዎ ይቆዩ። የጠየቅኩት አባትየውን ነው።»

«በመስቀል ማግስት» አለ ሀብተሚካኤል።

ዳኛዋ የልደት ምስክር ወረቀቱን አይታ አንገቷን ነቀነቀች። «አሁን እርስዎ፣ አቶ ጉታ። ትምህርት ቤት ስትመዘገብ አባቷ ተብለው ሲጻፉ ያውቁ ነበር?»

ጉታ ወደ ኖላዊት ዞረ። «አውቅ ነበር» ቢል ማመልከቻው እዚያው ይወድቃል፤ እሱንም ሌላ ነገር ይከተለዋል። «አላውቅም» ቢል...

«አማርኛ ይሰማሉ? አስተርጓሚ ይጠራልዎት?»

«አሁን እሰማለሁ» አለ ጉታ። ቀኝ እግሩን ከፍ አድርጎ በግራው ብቻ ቆሟል። «ያን ጊዜ አልሰማም ነበር። መምህር ስም ጠየቀ፤ ስሜን ተናገርኩ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላወቅኩም።»

«ስለዚህ?»

ኖላዊት ቃሉን በልቧ ጠበቀችው። እንዳይለው ፈለገች፤ እንዲለውም ፈለገች። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መፈለጓን ዕድሜዋን ሙሉ እንደማትረሳው ያን ሰዓት ዐወቀች።

«በስህተት ነው» አለ ጉታ። ከዚያ ያልተጠየቀውን ጨመረ፤ «ኖላዊት የእሱ ልጅ ነው።»

«ልጅ ናት» ብላ አረመችው ዳኛዋ፣ እየጻፈች።

«ናት» አለ።

የጣት አሻራውን ሲያኖር ዐይኑ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በጨርቅ የተጠቀለለ እግሩን ቁልቁል ይመለከት ነበር፤ አንዳች ነገር ሲመጣ እንደሚጠብቅ ሰው።

ኮሌጁ የደረሱት በባጃጅ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሀብተሚካኤል ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ተሰናብቶ ወደ ላንቴ ተመልሷል። ጉታ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ፤ ኖላዊት በመስኮቱ ወረቀቱን አስገባች። ወይዘሮ ውብአየሁ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት፤ ከዚያ በትልቁ መዝገብ ላይ «ኖላዊት ሀብተሚካኤል» ብለው ጻፉ። በጣም ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ነበራቸው።

«በቃ፣ ገባሽ» አሉ ፊታቸው በርቶ። በመስኮቱ አንገታቸውን አሻግረው አዩ። «እዚያ የተቀመጡት አባትሽ ናቸው? እንኳን ደስ ያለዎት ልበላቸው እንጂ!»

ኖላዊት አፏን ከፈተች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተጠየቀችው ያው ጥያቄ ነበር፤ ጣቷም ከጎኗ ተንቀሳቀሰ። ጉታ ግን ቀደማት። አግዳሚውን ተደግፎ ተነሣና፣ በጥንቃቄ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመረጠ፣ «አጎት ነኝ» አለ። «እኔ አጎቷ ነኝ። አባቷ ላንቴ ሄደ።»

«እንግዲያው ለአጎትም ደስታ ነው» አሉ ወይዘሮ ውብአየሁ፤ የኮሌጁም ማኅተም መዝገቡ ላይ ዐረፈ። አንድ ቅጽ አውጥተው ሰጧት። «ይህ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ነው። ሞልተሽ ሰኞ፣ ትምህርት ሲጀመር ታስረክቢያለሽ። ከሰነድሽ ጋር እንዳይጋጭ አደራ፤ ዳግመኛ ወረፋ እንዳትይዢ።»

በረንዳው ላይ ተንበረከከች። ጠዋት ቁስሉን ሳታጥብ ነበር የወጡት፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞበታል። ፋሻው ረጥቦ ነበር። ንጹሕ ፋሻ ከቦርሳዋ አውጥታ የቀድሞውን ቀስ ብላ ፈታችው፤ መጨረሻው ዙር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ትናንት ቀይ የነበረው ሦስተኛው ጣት ጠቁሯል።

ጉታ እግሩን አላየም። ያየው ፊቷን ነው።

«መጣ?» አለ።

ሲስተር ሐሊማ ያስተማረቻት የመጀመሪያው ነገር ታማሚን አለመዋሸት ነበር። «ስኳር ነው፣ አባዬ» አለች። «ስኳር ነው። ቀኑን ሙሉ ስለቆምክበት ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«እሺ» አለ እንደ ሕፃን።

አዲሱን ፋሻ አላልታ ጠቀለለችለት። ከዚያ ባጃጅ ልትጠራ ተነሥታ፣ ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠችና ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የተጠሪ ስም፦ ጉታ። አድራሻ፦ ሲቀላ። ዝምድና የሚለው ላይ ብዕሯ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ጉታ ማንበብ አይችልም፤ ግን ብዕር ሲቆም ያውቃል።

«ዳኛዋ ፊት እንዳልነው አድርጊው» አላት። «እንዳይመልሱብሽ።»

ሦስት ፊደል ጻፈች፤ በጥርት ያለ የፈተና ጽሕፈቷ፣ ማንም በሌላ ሊያነበው በማይችል አኳኋን፦ «አባቴ»።

«አሁንስ በስህተት አልጻፍሽም?» አለ ጉታ።

«አልጻፍኩም፣ አባዬ» አለች ቅጹን እያጠፈች። «በትክክል ነው የጻፍኩት።»