ከመለያ ምቱ በፊት የወጣችው በረኛ

እናትየው ፊደል የቆጠረችው በአርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ቀን ቀን በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ትውላለች፤ ከሥራ ስትወጣ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ቤት ታመራለች። መምህርቷ «ከቤታችሁ የምታነቡት ነገር ይዛችሁ ኑ» ቢሉ፣ በሰፈሩ የሴቶች ቡድን በረኛ ከሆነችው ልጇ ደብተር ውስጥ የእግር ኳስ ሕግ የተጻፈበትን ወረቀት መዝዛ ይዛ ሄደች።

በጣቷ እየተከተለች፣ ላቧ ጠብ እስኪል፣ የገጹ ግማሽ ላይ ደረሰች። «ለዳኛው አስቀድሞ ተነግሮ፣ ጨዋታው ሲቆም፣ አንድ ተጫዋች ከግብ ጠባቂው ጋር ቦታ መቀያየር ይችላል» ይላል። እንግዲህ በረኛ ትወጣለች፣ ደግሞ ትመለሳለች ማለት ነው ብላ ደስ አላት። ከዚያ በታች ያለው ጽሑፍ ደቃቅ ነበር። ዓይኗ ደከመና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ደስታዋ ያለ ምክንያት አልነበረም። ባለፈው ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ በመለያ ምት ልጇ አንድም ኳስ ሳትይዝ ቀረችና የሰፈሩ ሰው «ወንፊት» የሚል ስም አወጣላት። ልጅቷ ሳምንት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እናትየው ያንን ሳምንት ደግማ ማየት አትፈልግም።

ዘንድሮም ቡድኑ ለፍጻሜ ደረሰ። ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ አምስት ደቂቃ ቀረው። ከእናትየው ጀርባ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን ያዙ።

«በመለያ ምት ሊሆን ነው መሰለኝ።»

«ወንፊቷ ናት እንዴ ያለችው? በሉ ዱቄት አምጡ፣ እናስነፋት!»

ሳቁ።  እናትየው ተነሥታ አሰልጣኙ ወደቆመበት ሄደች። አሰልጣኙ በሥራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሰው ያከብራል፣ ሰውም ያምናል።

«አሰልጣኝ፣ ልጄ ጣቷን ታማለች። ደብቃዎት ነው።»

«ኧረ! እርግጠኛ ነዎት እናቴ?»

«እኔ ያላወቅሁ ማን ይወቅላት?»

ጣቷን ከሦስት ቀን በፊት በር ቆንጥጧት ማበጡ እውነት ነው። ግን ጠዋት እብጠቱ ጨርሶ ጠፍቶ እናትየው በዓይኗ አይታለች። ለዚህ ክፉ ሰዓት ብቻ ትውጣልኝ፣ ካስፈለገች ትመለሳለች ብላ ራሷን አጽናናች።

ኳስ ወደ ውጭ ሲወጣ አሰልጣኙ እጁን አነሣ። ዳኛው መዘገበ። በቅጥነቷ «ጭራሮ» የሚሏት ተጠባባቂ በረኛ እየሮጠች ገባች፤ ልጅቷ ወጣች።

«ምን አጠፋሁ?» አለችው አሰልጣኙን።

«የታመመ ጣት ይደበቃል እንዴ?»

ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ ጣቷን አየች። ከዚያ ቀና ስትል ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጀርባ የቆመችውን እናቷን አየች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«ለአንቺው ብዬ ነው የኔ ልጅ። ሲስቁብሽ አልችልም።»

«ሦስት ወር ሙሉ የተጋጣሚዎቻችንን ልምምድ እየሄድኩ ሳይ ነበር። ባለቀይ ጫማዋ ሁልጊዜ ወደ በረኛዋ ግራ ነው የምትመታው። አምበላቸው ደግሞ የምትመታበትን ጥግ ቀድማ በዓይኗ ታየዋለች። ይህን ስም ዛሬ ልጥለው ነበር እኮ።»

እናትየው ደነገጠች። «ታዲያ ተመለሺያ! መቀያየር ይቻላል፣ ራሴ አንብቤዋለሁ! ሂጂ ለዳኛው ንገሪው!»

«እሱ ሜዳ ውስጥ ላሉት ነው። ተቀይሮ የወጣ አይመለስም። እዚያው ገጽ ላይ፣ ከታች ተጽፏል።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ጨዋታው በአቻ አልቆ መለያ ምቱ ተጀመረ። ባለቀይ ጫማዋ ስትቀርብ ልጅቷ «ግራ! ግራሽን!» ብላ ጮኸች፤ በሕዝቡ ሁካታ ማንም አልሰማትም። ኳሷ በጭራሮ ግራ በኩል ገባች። በመጨረሻው ምት ግን ጭራሮ እንደ ምንም ተወርውራ ኳሷን መለሰቻት፤ ቡድኑ አሸነፈ። ሁሉም ወደ ሜዳ ሮጠ። ልጅቷም ሮጣ ጭራሮን አቀፈቻት፤ ወዲያው ግን ከጭፈራው ወጥታ ብቻዋን የውሃ ጠርሙሶቹን ትሰበስብ ጀመር።

«የአሰልጣኝ ብልህ!» አለች ከሴቶቹ አንዷ። «ወንፊቷን በጊዜ ገለል አደረጋት!»

 እናትየው ልጇን ከዚህ ስም ልታድናት ብላ፣ ስሙን ራሷ እላይዋ ላይ አትማው አረፈች።

በማግስቱ አሰልጣኙ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚዘረጋበት ሱቅ ድረስ ሄዳ እውነቱን ነገረችው። ሰምቷት ከመሰላሉ ወረደ።

«እኔም ጣቷን ማየት ነበረብኝ» አለ። «ግን እናቴ፣ ለእኔ ከሚነግሩኝ ለእሷ ቢነግሯት።»

ልጇንም ደጋግማ ለመነቻት። «ይቅር በይኝ» አለቻት፤ ልጅቷም «ይቅር ብዬሻለሁ እማዬ፣ በቃ ተዪው» አለች። ምግቧን ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ስለ ኳስ ብቻ ቤት ውስጥ አታወራም።

እሑድ ሌላ ጨዋታ ነበራት። በሩ ላይ የጫማዋን ክር ስታስር እናትየው ነጠላዋን አንሥታ፣ «ልምጣ?» አለች።

ልጅቷ ክሩን ደግማ አሰረች። «አይ፣ እዚሁ ሁኚ። ስንጨርስ እነግርሻለሁ።»

ሄደች። እናትየው መስኮቱን ከፍታ ቆመች። ሜዳው ሩቅ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ታላቅ ጩኸት ተነሣ፤ ጎል ይሁን የዳነ ኳስ፣ ለልጇ ይሁን በልጇ ላይ፣ ከዚያ ሆና መለየት አልቻለችም።