ሁለት የመልቀቂያ ደብዳቤዎች

ዓለምነህንና አብዱልፈታሕን ሽማግሌ ፊት ያቀረብኳቸው እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሌላ ሰው ጨማምሮ ከሚነግራችሁ ከኔው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ደጅይጥኑ እባላለሁ። ሰቆጣ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ የፓርቲያችን የዋግ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ማለት ስብሰባ ጠሪ፣ ወንበር ደርዳሪ፣ ተሰዳቢ ማለት ነው። ባለፈው ምርጫ ዕጩአችንን የላከልን ከላይ ያለው አመራር ነበር። ሰውዬው ጋዝጊብላ መድረክ ላይ እንደቆመ ወደኔ ጎንበስ አለና «ይቺ ከተማ ማን ነበር ስሟ?» አለኝ። ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ተሸነፍን፤ ሲያንሰን ነው።

ስለዚህ በዚህኛው ዙር ዕጩውን አባላቱ ራሳቸው በድምፅ ይምረጡ ብለን ስምንት ወር ለመንን። በመጨረሻ ሊቀመንበራችን አቶ ሸጋው ከባሕር ዳር «ተፈቅዷል» የምትል የአንድ መስመር ደብዳቤ ላኩልን። እኔም ሚኒባስ የሚደርስበትን በሚኒባስ፣ የማይደርስበትን በእግሬ እየዞርኩ ለሰባት መቶ አባላት ነገርኩ። «ዘንድሮ መራጮቹ እናንተው ናችሁ። ቅዳሜ ሰቆጣ መጥታችሁ ድምፅ ትሰጣላችሁ» አልኳቸው። ብዙ ጊዜ የተታለለ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያይ ታውቃላችሁ? እንደዚያ አዩኝ። ማልኩላቸው።

ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ። ዓለምነህ የጋዝጊብላ ልጅ፣ የከብት ሐኪም ነው፤ በሬውን ያላከመለት ገበሬ የለም ቢባል ውሸት አይሆንም። አብዱልፈታሕ ሰቆጣ ገበያ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ ተፈናቃይ በመጣ ጊዜ መጋዘኑን ባዶ አድርጎ ሰው ያስጠለለበት እሱ ነው። ከሁለቱ ማንም ቢያልፍ ለኔ ሠርግ ነበር።

ግን ሰው ሲወዳደር እንዴት ይከፋል! የዓለምነህ ደጋፊዎች «ነጋዴ ምን ያውቃል፣ ዝናብ መዝነቡን የሚሰማው ከቆርቆሮው ነው» አሉ። የአብዱልፈታሕ ወገኖች «ዓለምነህን የሚያውቀው በሬ ነው፣ በሬ ደግሞ አይመርጥም» አሉ። እስከዚህ ድረስ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፖስተር መቀዳደድ መጣ። በባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ መሰዳደብ መጣ። አንድ ጠዋት ቢሮ ስደርስ አዳራሹ በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ አንደኛው ወገን ሌላው ብቻውን እንዳይሰበሰብ ቆልፎ፣ ሌላኛው ደግሞ በላዩ ቆልፎበት። ከዚያ ወዲያ አዳራሹን ለማስከፈት ሁለት ጠላት በአንድ ሰዓት መጥራት ነበረብኝ።

ሁለቱም ለአቶ ሸጋው አቤቱታ ይጽፉ ነበር። እሳቸውም ለሁለቱም «አቤቱታዎ ተገቢ ነው፣ ይበርቱ» ብለው መልሰዋል። መልሶቹን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ደሜ ፈላ። ደወልኩ፤ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው ጋዝጊብላ ገበያ ላይ ድንጋይ ተወራወሩ፤ የአንድ አባላችን ግንባር ተፈነከተ። ይኸኔ መርጌታ ገብረ ሊባኖስ ዘንድ ሄድኩ። የአባቴ የዜማ መምህር ናቸው፣ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ እሳቸው «ተው» ብለውት ያልተወ ሰው አላውቅም። ከሙስሊሞቹ ሽማግሌ ከሐጂ ሙሄዲን ጋር ሆነው ሁለቱን በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት አስቀመጧቸው።

«እርቅ ደም ያድርቅ ነው የሚባለው» አሉ መርጌታ። «እስካሁን የፈሰሰው ትንሽ ነው። ሳይበዛ አድርቁልን።»

ዓለምነህ ብድግ አለ። «መርጌታ፣ ለእናንተ ስል ትቼዋለሁ። አብዱልፈታሕ ይወዳደር።»

«ወላሂ አይሆንም!» አብዱልፈታሕም ተነሣ። «በዕድሜ ይበልጠኛል። የምተወው እኔ ነኝ።»

እዚህ አገር ላላደገ ሰው ነገሩ አይገባውም። ይህ የጨዋ ወግ ነው፤ በር ላይ ሁለት ሰው «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እንደሚባባለው። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው አንዱን ይለምነዋል፣ እሱም እያቅማማ እሺ ይላል፣ ሁሉም ከነክብሩ ይገባል። እንደተግደረደረ በር ላይ የቀረ ሰው አይቼ አላውቅም።

ግን ዓለምነህ ከልቡ መሆኑን ለማሳየት ከደብተሬ ወረቀት ገንጥሎ መልቀቂያውን ጻፈ። አብዱልፈታሕ ሊበለጥ ነው? እሱም ጻፈ። ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሐጂ ሙሄዲን ዱዓ አደረጉ፣ መርጌታ መረቁ። «ነገ ተመልሰን አንዳችሁን እንለምናለን፤ ዛሬ እርቁ ይዋልበት» ብለው አሰናበቱን። እኔም ከሰው እኩል አለቀስኩ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ለኔ ነው።

ነገን የሚጠብቅ ጠፋ። የዓለምነህ ደጋፊዎች የሰውዬአቸውን ትልቅነት አገር ይወቅ ብለው ደብዳቤውን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ለቀቁት። የአብዱልፈታሕ ወገኖችም ላለማነስ የእሱን ለቀቁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያ ስልክ የማያነሱት ሰው ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ወይዘሮ ደጅይጥኑ፣ የሁለቱም መልቀቂያ ደርሶናል። ተቀብለነዋል።»

«ኧረ እሱ እኮ መልቀቂያ አይደለም፣ ጨዋነት ነው! ነገ አንደኛው ይለመናል።»

«ደብዳቤው ላይ ይለመናል የሚል የለም» አሉ አቶ ሸጋው። «በደንባችን መሠረት ተወዳዳሪ ከሌለ አመራሩ ዕጩ ይሰይማል። አቶ የሻምበልን ሰይመናል። እናታቸው የዋግ፣ የአምደወርቅ ሰው ናቸው።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸው አዲስ አበባ ናቸው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ አብዱልፈታሕ ሱቅ ሮጥኩ። ሁለቱ የሚስማር ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ይሳሳቃሉ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ አግዳሚ ላይ ማስቀመጥ ያቃተኝን ሰዎች እንደዚያ ሳያቸው ሻዩን አናታቸው ላይ ብደፋው ደስ ባለኝ ነበር።

«አንዳችሁ አሁኑኑ ደብዳቤውን አንሡ» አልኳቸው።

ተያዩ። «እኔ ባነሣ ሽማግሌ ረግጦ ሥልጣን ፈለገ እባላለሁ» አለ ዓለምነህ። «እሱ ያንሣ፣ ቅር አይለኝም።»

«ኧረ እሱ ያንሣ!» አለ አብዱልፈታሕ። «እኔ በአላህ ስም ምዬ የተናገርኩትን?»

«እዚህም ትግደረደራላችሁ?» ብዬ ጮህኩ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አገር ተወስዶባችሁ ይለፉ፣ ይቅደሙ ትላላችሁ?»

«መምህርት፣ አትቆጪ። ዋናው እኛ ታርቀናል» አለኝ ዓለምነህ። እንዲህ ያለ እርቅ በአፍንጫዬ ይውጣ።

በማግስቱ፣ ሽማግሌዎቹ ለልመናው ሳይመለሱ፣ አቶ ሸጋው ቃለ ጉባኤ ላኩ። የዋግ አባላት ተሰብስበው አቶ የሻምበልን በሙሉ ድምፅ መረጡ ይላል። ከታች የጸሐፊ ፊርማ ቦታ አለው፤ ያለሱ ዕጩውን ማስመዝገብ አይችሉም። አልፈርምም አልኩ። የቅዳሜው ምርጫ መቅረቱን ለአባላት ንገሪ አሉኝ፤ እሱንም አልነገርኩም። እኔ ካልፈረምኩ የግድ ከሁለቱ አንዱን ይመልሳሉ ብዬ አስቤ ነበር። ስድስት ቀን ቆየሁ። በስድስቱ ቀን ያልለመነኝ፣ ያላስፈራራኝ የለም፤ ወይ ፍንክች!

በሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት መርጌታ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ሐጂ ሙሄዲን፣ ከሐጂ ኋላ ዓለምነህና አብዱልፈታሕ አንገታቸውን ደፍተዋል። ገና ሳያቸው ነገሩ ገባኝ፤ አቶ ሸጋው ሽማግሌ ልከውብኛል።

«ልጄ፣ ሊቀመንበሩ ይቅርታ ጠይቋል» አሉ መርጌታ ከተቀመጡ በኋላ።

«ምን ብለው?»

«አስቀይሜያት ከሆነ ብሎ።»

«መርጌታ፣ እኔን አላስቀየሙኝም። ሰባት መቶ ሰው ነው ያታለሉት። በኔ አፍ ነው ያታለሏቸው። ይህን ወረቀት ብፈርም ውሸቱ የኔ ይሆናል።»

«ልክ ነሽ» አሉኝ። በእውነት ልክ ነሽ አሉኝ። «ግን ነገ መዝገቡ ይዘጋል። ጭራሽ ያለ ሰው ከምንቀር፣ ጠቡም ዳግመኛ ከሚነሣ፣ ለኛ ስትይ ተይው።»

«አልችልም፣ መርጌታ። ይቅር ይበሉኝ።»

መርጌታ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ከወንበሩ ተነሡ። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰማሁት። ያ የሚንቀጠቀጥ ሰውነት ወደ እግሬ ጎንበስ ማለት ጀመረ። አባቴን ፊደል ያስቆጠሩ፣ አባቴን የቀበሩ ሰው እግሬ ላይ ሊወድቁ ነው።

ዘልዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። «እሺ! እሺ፣ መርጌታ፣ ይነሡ!» አልኩ። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት። ዓለምነህ እስክሪብቶ አቀበለኝ። አብዱልፈታሕ ወረቀቱ እንዳይታጠፍ ጫፉን ያዘልኝ። ፈረምኩ። ሁሉም መረቁኝ፣ ጨዋ ልጅ አሉኝ፤ እኔ ግን ሁለቱን የምሰድብበት አፍ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ መጣ። መቅረቱን ማንም አልነገራቸውም፤ ሊነግር የሚገባው እኔ ነበርኩ። ከጋዝጊብላ ከሌሊት ተነሥተው በእግር የመጡ አሉ፣ ከአምደወርቅ ሚኒባስ ተጨናንቀው የመጡ አሉ። ምርጫው የት ነው ይላሉ። የቢሮው በር ላይ የተለጠፈውን ቃለ ጉባኤ በእጄ አሳየሁ። ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ለሌሎቹ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ አባላት ተሰብስበው፣ በሙሉ ድምፅ፣ አቶ የሻምበልን፣ ይህንንም አረጋግጣለሁ፣ ደጅይጥኑ።

እማዋይሽ የምትባል የጋዝጊብላ ሴት ከሰዉ መሀል ወደኔ ቀረበች። የስንቋን ፌስታል እንደያዘች ነው።

«መምህርት፣ መቼ ነው የመረጥነው?» አለችኝ።

ልትነካኝ ብላ አይደለም። ቀኑን እሷ የረሳችው መስሏት ነው።