ሃምሳኛው መናወጥ

አባቴን ከሥራ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ይህን የሰማ ሁሉ «ምን ዓይነት ልጅ ናት» ይላል፤ ይበል። ከመፍረዱ በፊት ግን እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሃ እንዴት እንደሚከበር ይስማኝ።

ቤተ ሙከራችን አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም፣ ሁለት ሜትር የሚሰፋ የመስታወት ገንዳ አለው። ከአንዱ ጫፍ ኃይለኛ የሌዘር ጨረር ይለቀቃል፤ ጨረሩ ውሃውን አቋርጦ በሌላኛው ጫፍ ከመስታወቱ ውጭ የቆመውን ቀጭን ቆርቆሮ መብሳት አለበት። ሥራችን ይኸው ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቆርቆሮ አልተበሳም።

ኃላፊያችን ጥፋቱን ሁሉ በውሃው መናወጥ ያሳብባሉ። እንደምን አደሩ ሲሏቸው እንኳን «ረጋ በል» ብለው ስለሚመልሱ ስማቸው ረጋ በል ሆኖ ቀርቷል። በእሳቸው ሕግ ገንዳው አጠገብ የሚኬደው በካልሲ ብቻ ነው። ማስነጠስ የፈለገ ቅጽ ይሞላል። ቅጹ ሦስት ፊርማ ስለሚፈልግ ፊርማው ሳያልቅ ማስነጠሱ ያልፋል፤ እሳቸውም ይህንን እንደ ትልቅ ስኬት ለበላይ አካል ሪፖርት ያደርጋሉ።

የእኔ ሥራ የመናወጥ መዝገብ መያዝ ነው። ውሃው ላይ አንዲት ቡሽ ተቀምጣለች። ቡሿ ከተነቃነቀች ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነቃነቃትን ሰው እጽፋለሁ። ሃምሳ የሞላበት ሠራተኛ ይሰናበታል። አባቴ አርባ ዘጠኝ ላይ ደርሶ ነበር።

አባቴ ገንዳ ጠባቂ ነው። በየሰዓቱ የውሃውን ሙቀት ይለካል፤ ቴርሞሜትር ደግሞ ውሃ ውስጥ ካልገባ አይለካም፣ ከገባ ቡሿ ትነቃነቃለች። ሥራውን ከሠራ ይጻፍበታል፣ ካልሠራ ይቀጣል። እሱ ግን መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገባ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቀስ አድርጎ ስለሚያስገባው የሚስተው በዓመት አራት ጊዜ ቢሆን ነው። ቤት ውስጥ እንኳን በጣቱ ጫፍ ነው የሚረግጠው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለው እኔና ይህ ገንዳ ነን። «ከዚያ ከወጣሁ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ነው የማየው» ይለኝ ነበር። ሃምሳ እንዳይሞላበት ከእሱ ይልቅ የምሰጋው እኔ ነበርኩ።

የቦርድ አባላት ሊጎበኙን የመጡ ዕለት ለሁሉም ካልሲ ታደለ። ረጋ በል ጨረሩ እንዲለቀቅ አዘዙ። ቆርቆሮው ላይ ሽምብራ የምታክል ነጥብ በራች። ደስ አለን። ወዲያው ግን ነጥቧ ትሰፋ ጀመር፤ መሃሏ ጠቆረና ቀለበት ሆነች።

«ኃይል ጨምሩ» አሉ ረጋ በል።

ተጨመረ። ቀለበቱ የስኒ ማስቀመጫ አከለ። አሁንም ጨምሩ አሉ፤ ሳህን አከለ። እስከ መጨረሻው ጨምሩ አሉ፤ ትሪ አከለ። ቆርቆሮው ለብ እንኳን አላለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ረጋ በል ዞር ብለው እንግዶቹን ገላመጧቸውና «ትንፋሻችሁ ነው» አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። የቦርድ አባላቱም እንደታዘዙት ትንፋሻቸውን ያዙ። የሰብሳቢው ፊት ቲማቲም መሰለ። አባቴም ቴርሞሜትሩን ይዞ የገንዳው ደረጃ ላይ እንደቆመ ትንፋሹን ያዘ፤ እሱ ትእዛዝ በግማሽ መቀበል አያውቅበትም። ዓይኑ ሲንከራተት አየሁ። የቆመው በካልሲ፣ እርጥብ ደረጃ ላይ ነው። «አባዬ» ልለው አፌን ስከፍት በጀርባው ገንዳው ውስጥ ገባ።

ጨረሩ የሚያልፈው በገንዳው በሌላኛው ወገን ስለነበር አልነካውም። ውሃው ግን ከዳር እስከ ዳር ተናወጠ፤ ቡሿ ዘልላ ወጥታ የሰብሳቢው ካልሲ ላይ አረፈች። ያን ጊዜ ያ ትሪ የሚያክል ቀለበት ተሰበሰበ። ሳህን ሆነ፣ ከዚያ ሽምብራ ሆነ፤ አባቴ ለመውጣት እየተንቦጫረቀ ሳለ ቆርቆሮው ጨሰና ተበሳ። ቦርዱ የያዘውን ትንፋሽ ሁሉ ለቆ አጨበጨበ።

ረጋ በል ኮሪደር ላይ ይዘው አስቆሙኝ።

«ውሃው ረግቶ ነበር ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። «ውሃው ከረጋ ማንም አልወደቀም። ማንም ካልወደቀ አባትሽ አርባ ዘጠኝ ላይ ናቸው። ገባሽ?»

ገብቶኛል። በደስታ ልጽፍም ነበር፤ መዝገቡንም ገልጬ ነበር። ብቻ ለአባቴ ልንገረው ብዬ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄድኩ። ሱሪውን ሲጨምቅ አገኘሁት። የተባልኩትን ስነግረው ሱሪውን አስቀመጠ።

«ሠላሳ አንደኛው የተጻፈብኝ ቀን ምን ብዬ ነበር?» አለኝ።

«ውሃው መሃሉ ላይ ይሞቃል ብለህ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ብርሃኑ ራሱ የሚያልፍበትን መንገድ ያሞቀዋል አልክ። የሞቀው ውሃ ይሳሳል፣ ብርሃኑም ከዚያ እየሸሸ ወደ ጎን ይበተናል። ውሃው ከቆመ ሙቀቱ እዚያው ይጠራቀማል፤ ኃይል በጨመሩ ቁጥር ይብስበታል። ውሃው ከሄደ ግን ሙቀቱንም ይዞት ይሄዳል አልክ።»

«አየሽ፣ አንድም አልረሳሽም። መዝገቡ ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ?»

«‹ገንዳው አጠገብ አወራ› ተብሎ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ሱሪውን አንስቶ መጭመቁን ቀጠለ። «እንግዲህ ዛሬ ያየሽውን ጻፊ» አለኝ።

ጻፍኩ። «ሃምሳኛ መናወጥ፦ ገንዳ ጠባቂው ወደቀ። ውሃው ስለተንቀሳቀሰ ቆርቆሮው ተበሳ።» በማግስቱ አባቴ የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። በሦስተኛው ቀን ረጋ በል «ውሃው መናወጥ አለበት» የሚለውን ግኝት በራሳቸው ስም ለቦርዱ አቀረቡ፤ ሽልማትም ተቀበሉ። በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ የሥራ ማስታወቂያ ወጣ። የመደቡ መጠሪያ «የውሃ አናዋጭ ባለሙያ» ነው። የሚፈለገው ዲግሪ ወይም በማስረጃ የተደገፈ የመውደቅ ልምድ፤ በግልም በቡድንም መውደቅ የሚችል።

አባቴ ማስታወቂያውን ገልብጬ ሳመጣለት ሦስት ጊዜ አነበበው። ከተባረረ ወዲህ ያን ቀን ገና መላጨቱ ነው። ኮቱን አስተኮሰኝ። ለፈተናው ቀን እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጄ አብሬው ገባሁ።

ጠያቂዋ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ነበሩ። ክፉ ሴት አይደሉም።

«አባባ፣ ከዚህ በፊት ወድቀው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ።»

«የት?»

«እዚሁ፤ ከዚህ ግድግዳ ማዶ።»

«ማስረጃ አለዎት?»

የመዝገቡን ገጽ ቅጂ አቀረበ። አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን የጻፈው ማነው?»

«ልጄ ናት። ይቺት።»

«የልጅ ምስክርነት አይያዝም፣ አባባ።»

አላስቻለኝም። «ሲባረር የተያዘበት እኮ ይሄው ገጽ ነው» አልኳቸው።

«ያኔ የጻፍሽው በእሳቸው ላይ ነዋ። በዘመዱ ላይ የመሰከረ ይታመናል። አሁን ግን ለእሳቸው ሆነ።»

«ቦርዱ በሙሉ አይቷል። ይጠየቁ።»

«ተጠይቀዋል። ትንፋሻቸውን ይዘው ስለነበር ያዩትን እርግጠኛ አይደሉም። እኔ አይደለሁም የኔ እህት፣ መመሪያው ነው።»

ሥራውን አንድ ዲግሪ ያለው ሰው አገኘ። በቀን አራት ጊዜ ይወድቃል፤ ጎበዝ ነው ይሉታል፤ ቆርቆሮም ይበሳል። አባቴ በፖስታ አንድ ወረቀት ደረሰው፦ «ያቀረቡት ማስረጃ በልጅዎ የተጻፈ በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል።» ማኅተም አለው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ አነበበውና ሳቀ።

«አሥራ አንድ ዓመት ስትጽፊብኝ ልጄ መሆንሽን አንድ ቀን ያነሳ ሰው የለም» አለ። «ዛሬ ገና በማኅተም አረጋገጡልኝ።»

እሱ ይስቃል፣ እኔ ግን አለቀስኩ፤ ልደብቀውም አልሞከርኩ።

«ይቅር በለኝ አባዬ» አልኩት።

«ለየትኛው?»

«ለአርባ ዘጠኙ።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ሃምሳኛውን ግን ደህና አድርገሽ ነው የጻፍሽው» አለኝ።