የለችም ያልኩ ዕለት

አንዲት ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ። በቃሏ ላሳብብ ፈልጌ አይደለም፤ የተናገርኳት እኔ ነኝ፣ ሰው በሌላ ሲተረጉማት ዝም ያልኩትም እኔው ነኝ።

መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ድሮ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። ከተፋታሁ በኋላ የሚያውቀኝን ሰው ፊት ማየት አስጠላኝና ሥራ ቀየርኩ። ማሰልጠኛው ስገባ ማንም አያውቀኝም፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው። ግቢው አቧራማ ሜዳ ነው፣ ወደ ኋላ ማቆም የሚለማመዱባቸው ቀይና ነጭ የተቀቡ ቋሚዎች ተተክለውበታል። ጥጉ ላይ ቢሮ የምንላት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ምሳ የምንበላው እዚያ ነው፣ ጸሐፊያችን ወረቀቶቿን ገፋ አድርጋልን፣ ጠረጴዛዋ ላይ።

ጸሐፊያችንን ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። ደግ ሴት ናት፤ ጥፋቷ መጠየቅ መውደዷ ብቻ ነው። በገባሁ ሰሞን ምሳ ዕቃዬን ስከፍት አየችና፣ "ደረቅ ዳቦ? መምህር፣ ባለቤትህስ?" አለችኝ።

"የለችም" አልኩ።

ቤት የለችም፣ ከእኔ ጋር የለችም፣ እባክሽ ተይኝ ማለቴ ነበር። እቴቴ ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ውይ በሞትኩት። መቼ?"

"ዘንድሮ ነው።"

"ታማ ነው?"

"አይ፣ ድንገት ነው።"

እውነቴን ነው እኮ። አንድ ጠዋት ሸሚዜን እየቆለፍኩ ሳለ ነው "በቃኝ" ያለችኝ፤ ከዚህ በላይ ድንገት የት አለ? እቴቴ "ነፍስ ይማር" አለች። ፍሬንም "ነፍስ ይማር" አለ። ፍሬን ባልደረባችን ነው፤ ተማሪው ገና ነዳጅ ሳይነካ እሱ ፍሬን ስለሚይዝ የወጣለት ስም ነው። ያኔ "ኧረ አልሞተችም፣ ፈታችኝ እንጂ" ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። እቴቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ "ከባድ ነው አይደል?" ስትለኝ ግን ሰው ፊት፣ ዳቦዬን እንደያዝኩ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ከዚያ በፊት ማን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? መፋታቴን ለወንድሜ ስነግረው "ወንድ አይደለህ፣ ቻለው" ብሎ ስለ መኪናው ጎማ ማውራት ጀመረ። እህቴ ደግሞ "ምን አድርገሃት ነው?" አለች። የሞተበት ሰው ይጽናናል፤ የተፈታ ሰው ይመረመራል። በሃምሳ ዓመቴ፣ ጢሜ ሸብቶ፣ ሚስቴ ገፍታ አስወጣችኝ ብዬ ለማላውቀው ሰው ከምናገር ሞት ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ሞቱን ግን ለእሷ ሰጠኋት።

ጉዱ ደግሞ መዳኔ ነው። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ጠዋት የሚመጡትን የማያስቸግሩ ተማሪዎች ሰጠኝ። ፍሬን ከቤቱ ሲመጣ ለእኔም ምሳ አስቋጥሮ ይመጣል። እቴቴ ሻይ ስትቀዳ ከሥራ አስኪያጁ በፊት ለእኔ ነው። እንቅልፍ መጣልኝ፣ ጢሜን መላጨት ጀመርኩ፣ ቀልድ ሲነገርም መሳቅ። ሲጠይቁኝም ስለ እሷ አወራላቸው፤ ልጃችን ስትታመም ቆማ እንደምታድር፣ ሳቋ ከበር ውጭ እንደሚሰማ፣ የአውቶቡስ ፈረቃዬን ከእኔ ይልቅ እሷ እንደምታስታውስ። አንዱም ውሸት አይደለም። አብረን ሳለን ግን አንዱንም በአፌ ብዬላት አላውቅም። "ምን ዓይነት ሴት ነበረች" ይላሉ፤ እኔም "ነበረች" እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። እሷ ያን ሰዓት ከእኛ ሦስት ፌርማታ ርቃ፣ መድኃኒት ቤቷ ውስጥ ቆማ፣ ለሰው ሽሮፕ ትሸጣለች። ማታ አልጋዬ ላይ ስጋደም ፊቴ እንደ ፍም ይግል ነበር። ጠዋት ግን ሻይዬን ተቀብዬ እጠጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር እንጥሌን የሚያወርደው፤ ልጄ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ከፍቺው በኋላ ብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ። ስንገናኝም ጭማቂዋን በማንኪያ እያማሰለች ስልኳን ታያለች፣ እኔ ስለ አየሩ አወራለሁ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ "አባዬ፣ መኪና አስተምረኝ" አለችኝ። ወሬ ጠፍቶባት ቢሆን እንኳ ግድ አልነበረኝም። እሁድ እሁድ፣ ቢሮው ሲዘጋ፣ ሜዳው ላይ ማስተማር ጀመርኩ። ፍሪሲዮኑን ስትለቅ መኪናው ይዘላል፣ እሷ ትስቃለች፤ ሳቋ የእናቷ ነው። ያቺን እሁድ ከማጣ እጄን ቢቆርጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለፈተና ደግሞ በሥራ ቀን ቢሮ መጥታ መመዝገብ አለባት። "ቆይ፣ ገና ነሽ" እላታለሁ። "ወደ ኋላ ማቆም አልቻልሽም።" ከእኔ አሳምራ ታቆም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወፍራም ነጋዴ ወደ ኋላ ማቆም እያስተማርኩ ነው። "መምህር፣ ቋሚው ነው የተጠጋኝ" እያለ ይከራከረኛል። በስፖኪዮ ወደ ኋላ ሳይ ልጄ በግቢው በር ገባች። ቢጫ ሹራቧን ለብሳለች። ሜዳውን በዓይኗ ቃኘች፤ እኔን አላየችኝም። ቀጥ ብላ ወደ ቢሮው ሄደች።

ፍሬኑን ረገጥኩት፤ ነጋዴው ግንባሩ ከመሪው ሊጋጭ ለጥቂት ተረፈ። "ሞተሩን አጥፋ" ብዬው ወጣሁ። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሆዴ፣ ቋሚዎቹን እየጣልኩ ሮጥኩ።

አልደረስኩም። በሩ ላይ ስቆም እቴቴ ከወንበሯ ተነስታ ልጄን ደረቷ ላይ አስጠግታታለች። የመምህር ልጅ ነኝ ማለቷ ለእቴቴ በቅቷታል። ፍሬን ኮፍያውን አውልቆ አጠገባቸው ቆሟል።

"የኔ ልጅ" ትላለች እቴቴ፣ እንባዋ እየወረደ። "የእናትሽን ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናሽ። ስላላወቅንሽ ነው እንጂ መጥተን ልናይሽ ይገባን ነበር።"

ልጄ ከእቅፏ ቀስ ብላ ወጣች። ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ። በሩ ላይ አገኘችኝ።

"አባዬ? እማዬ ምን ሆነች?"

ዝም አልኩ።

"ጠዋት ደህና ነበረች" አለች። "ስማኝ ነው የሸኘችኝ። አባዬ፣ ተደውሎልህ ነው?"

እቴቴ እኔን አየች፣ ልጄን አየች። "ጠዋት?" አለች።

ያን ጊዜ እንኳ ዝም አልኩ። እየፈለግሁ ነበር። የእንጀራ እናቷ ናት ልበል? የመጀመሪያዋ ሚስቴ ናት የሞተችው ልበል? ተሳስተሽ ነው፣ ይቺ የወንድሜ ልጅ ናት ልበል? ልጄ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛለች፣ እኔ ሻይ በሚቀዱልኝ ሰዎች ፊት የማያሳፍረኝን ውሸት እመርጣለሁ። አንዱም አልገጥም ሲለኝ ነው አፌ የተከፈተው።

"አልሞተችም" አልኩ። "ደህና ናት። መድኃኒት ቤቷ ናት። ፈታችኝ እንጂ አልሞተችም።"

ፍሬን ኮፍያውን መልሶ አደረገ። እቴቴ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና እጇን አየችው፣ ለማን እንዳለቀሰች የጠፋት ይመስል። "ስንት ቀን በጸሎቴ አስቤያታለሁ" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ብትሰድበኝ በወደድኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ወጣች፣ ተከተልኳት። ነጋዴው ሜዳው መሃል መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ በመስኮት "መምህር፣ ልውረድ?" ይለኛል። አልፌው ሄድኩ። ልጄ ከግንቡ ሥር ቆማ ስልኳን አወጣች። ጣቷ እየሳታት ደጋግማ ነካካችው።

"ሃሎ፣ እማዬ።" ዓይኗን ጨፈነች። "ምንም። ምንም አልሆንኩም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው... አይ፣ ቢሮ አልሄድኩም፣ ነገ እመዘገባለሁ።" ጥቂት አዳመጠች። "እሺ፣ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ።"

ለእናቷ አልነገረችብኝም። ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ደስ ሊለኝ ጥቂት ነበር የቀረው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ተርፌያለሁ ብዬ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት። "ከአፌ አምልጦኝ ነው። ፈታችኝ ማለት አፍሬ ነው። ከዚያ በኋላ መመለስ አቃተኝ።"

"እሱን ተረድቼዋለሁ" አለችኝ። ልቅሶም ቁጣም የለባትም፤ ስትናገር ልክ እንደ እናቷ ቃል እየመረጠች ነው። "ሰው ያፍራል። እኔም ትምህርት ቤት ለማንም አልተናገርኩም፤ አባቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው እላለሁ።"

ይቺ ደግሞ ሌላ ቢላዋ ናት።

"እዚያ ውስጥ ግን" አለች፣ ወደ ቢሮው ሳትዞር፣ "እማዬ ምን ሆነች ብዬ ስጠይቅህ ዝም አልክ።"

"ደንግጬ ነው፣ የኔ እናት።"

"አልደነገጥክም። እኔን አይደለም ስታይ የነበረው፣ እነሱን ነው። የምትለውን እየፈለግህ ነበር።"

ደንግጬ ነው ብዬ ልደግምላት አፌን ከፈትኩ። ልትቀበለኝም ተዘጋጅታ ነበር መሰለኝ፤ ዓይኗ ውስጥ "በልና አስተባብል" የሚል ነገር አየሁ። ታምነኝ ነበር፤ እሁድም ትመጣልኝ ነበር።

"አዎ" አልኳት። "እየፈለግሁ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።