የካማሮው ቁልፍ

ባህረዲን የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ጋራዥ አለው፤ የሚጠግነውም የድሮ የአሜሪካ መኪና ብቻ ነው። ባለፈው መጋቢት ከሳን ሆሴ አንዲት ሴትዮ ደወሉለት። ዕፀገነት ይባላሉ። ባላቸው ክንፉ ካረፈ ሦስት ወሩ ነበር።

«ልጄ፣ ጋራዥ ያስቀመጠው ካማሮ ብቻውን ይነሳል» አሉት። «ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳይነካው። ጎረቤት ኮምፕሌን አደረገብኝ።»

የኤሌክትሪክ ችግር ይሆናል ብሎ በማግስቱ ሄደ። መኪናው የስልሳ ዘጠኝ ካማሮ ነው፤ አቧራ ለብሷል። ኮፈኑን ሲከፍት ባትሪ የለውም። የነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ሽቦ ሰደደ፤ ደርቆ ወጣ።

«እትዬ ዕፀገነት፣ ይሄ መኪና ሊነሳ አይችልም።»

«ትንሽ ቆይ» አሉት፣ ከበሩ ሳይጠጉ።

ብዙም አልቆየ፣ ሞተሩ ተነሳ። ባህረዲን እጁ ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ነበር። ብረቱ አልተንቀጠቀጠም፣ ቬንትሌተሩም አልዞረም፤ ድምፁ ግን ጋራዡን ሞላው። እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ፤ ነዳጅ መስጫው ተረግጦ እንደቀረ ሁሉ። ከዚያ ከውስጥ የብረት ጭረት ተሰማ። አንድ ነገር በጥድፊያ እየቧጨረ ነው። ድንገት ሁሉም ቀጥ አለ።

ባህረዲን የመኪናውን በር ከፈተው። የሾፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደኋላ ተገፍቷል።

«አቶ ክንፉ ረጅም ነበሩ እንዴ?»

«ክንፉ? ከእኔም ያጥር ነበር።»

ከመሪው በስተቀኝ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ አቧራውን ሰንጥቆ የወጣ ትኩስ ጭረት አየ። አንድ ቦታ ላይ ተደራርቧል።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ የቁልፍ ማስገቢያ የለም» አላቸው። «በስልሳ ዘጠኝ የካማሮ ቁልፍ ወደ መሪው አንገት ተዛውሯል፤ ይኸው። ዳሽቦርድ ላይ የቀረው የመስታንግ መኪና ነው፤ ልክ ይሄ የተቧጨረው ቦታ። ቁልፉን እዚህ የሚፈልግ መስታንግ የለመደ ሰው ነው። ማን ነበር መስታንግ የነበረው?»

ዕፀገነት ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ዘነበ፤ ረጅሙ እሱ ነው» አሉ።

ዘነበና ክንፉ ከሱዳን አብረው የመጡ ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ ካማሮ፣ አንዱ መስታንግ ገዛ። የካማሮው ሞተር ሦስት መቶ ሃምሳ፣ የመስታንጉ ሦስት መቶ ሃምሳ አንድ ኪዩቢክ ኢንች ነው፤ በዚያች በአንዷ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ክርክሩን እንቁረጠው ብለው አንድ የተራራ መንገድ ላይ መኪና ተቀያየሩ። ቁልቁለቱ ላይ ካማሮው ከቁጥጥር ወጥቶ ዛፍ መታ። ዘነበ እዚያው ሞተ። ክንፉ የካማሮውን ገላ አስቀንቶ ጋራዥ አቆመው፤ ዳግም አልነዳውም።

«ክንፉ ለፖሊሱም ለዘነበ እህትም በፍጥነት ስለነዳ ነው ብሎ ተናገረ» አሉ ዕፀገነት። «ሊሞት ሲል ነው እውነቱን የነገረኝ። ነዳጅ መስጫውን የሚመልሰው ሞላ ላልቶ ነበር። ያውቅ ነበር፤ ነገ እቀይረዋለሁ እያለ ነው የተወው። ለዓለምፀሐይ ንገሪያት አለኝ፤ ለእህቱ። እሺ አልኩት።»

«ነገሯት?»

«በምን አፌ? ይሄ ድምፅ የጀመረው ከአርባው ማግስት ነው።»

ባህረዲን ያን ቀን ወደ ኦክላንድ ሲመለስ ሁለተኛ አልሄድም ብሎ ነበር። ግን ያ በጥድፊያ የሚቧጭር እጅ ከጆሮው አልወጣም። ሰው ሞተሩን ለማጥፋት ቁልፍ እየፈለገ ሞቷል፤ አሁንም እየፈለገ ነው። በማግስቱ አዲስ ሞላ ይዞ ሄደ። ካርቡራተሩ ላይ ገጠመው። ቁልፉን ከዕፀገነት ተቀብሎ ከቦታው ከተተና ቢስሚላህ ብሎ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ተቀመጠ።

የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነበር። ሞተሩ ተነሳ። አጠገቡ ያለው ባዶ ወንበር ሰው እንደተቀመጠበት ጎደጎደ። ድምፁ ሲጨምር ዳሽቦርዱ ላይ ጭረት ሲሰመር በዓይኑ አየ።

«ዘነበ፣ ወንድሜ» አለ። «እዚያ አይደለም። መሪው ላይ ነው፤ በቀኝ በኩል። ይኸው እጄ።»

ጭረቱ ቆመ። ቁልፉን በያዘው እጁ ላይ ቀዝቃዛ መዳፍ አረፈበት። አልሸሸም። ሁለቱ እጆች አብረው ቁልፉን አዞሩት፤ ሞተሩም ጠፋ። ቅዝቃዜው ጥቂት ቆይቶ ለቀቀው።

ወጥቶ የመኪናውን በር ዘጋ። «እሱ ድርሻውን ጨርሷል» አላቸው ዕፀገነትን። «የቀረው የእርስዎ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ይዟቸው ሌክ ሜሪት አጠገብ ወደምትኖረው ወደ ዓለምፀሐይ ሄደ። ዕፀገነት ተቀመጪ ቢባሉም አልተቀመጡም፤ ሁሉንም ቆመው ተናገሩ። ዓለምፀሐይ አላለቀሰችም።

«እናቴ ልጄ በእብደቱ ሞተ እያለች ሃያ ስድስት ዓመት አንገቷን ደፋች» አለች። «አንቺ ደግሞ አውቀሽ ዝም አልሽ።»

«ፈራሁ።»

ዓለምፀሐይ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ ውጪም አላለችም። ስልኳን አንስታ አዲስ አበባ ደወለች።

«እማዬ፣ አልተኛሽም? ስለ ዘነበ ነው። አይ፣ ክፉ አይደለም። የስልኩን ድምፅ ጨምሪና ስሚኝ።»