አማቴ ያረሙት መደብ

በሲያትል እኔ ያልነዳሁበት መንገድ ቢኖር ገና ያልተነጠፈ ነው። በኤርፖርቱ ማመላለሻ አውቶቡስ ሦስት ሚሊዮን ሰው አድርሻለሁ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ንጉሦች እንደነበሩ ከሻንጣቸው አውቄያለሁ። ይህን የማወራው ልታይ ልታይ ብዬ አይደለም። ያን ቅዳሜ የተዋረደው ተራ ሰው አለመሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው።

አማቴ ወይዘሮ ፋንታዬ ከአንጎለላ መጥተው ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ዴ ሞይን እኛ ቤት ከተቀመጡ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ባለቤቴ ሠርካለም ከእናቷ ጋር ፋሲካን ካከበረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ አብረን እንፈስካለን ብላ ቀን ትቆጥራለች። ጾሙ በተያዘ በሦስተኛው ሳምንት ግን እማማ ድንገት ተነስተው አገሬ እገባለሁ አሉ። ዕቃውን ማሽን ያጥባል፣ ልብሱን ማሽን ያጥባል፣ እኔ እዚህ ሶፋ ላይ ምን እጠብቃለሁ አሉ። ሠርካለም ሁለት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ ዞራ፣ የማላውቀው የለም ስትል ኖረሃል፣ በል እናቴን አስቀርልኝ አለችኝ።

አበባ አሳያቸዋለሁ አልኩ። ሐይቁ አጠገብ አንድ ትልቅ የአትክልት ስፍራ አለ፤ ስሙን የማልጠራው ለክብሬ ስል ነው። ክረምቱ ሳይወጣ የሚያብቡ አበቦች አሉበት። ሺህ ጊዜ አስጎብኝቼበታለሁ አልኳቸው። በበሩ ሺህ ጊዜ ማለፌ እውነት ነው።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ዝናቡ ያካፋል። አገሩ ሁሉ አበባ ሊያይ ወጥቶ ፓርክ ያደረግሁት ሌላ ከተማ፣ ታኮማ አጠገብ ነው ማለት ይቻላል። እንደምንም ገባን። ቅጠሉ እንደ ነጭ ሽንኩርት የቀጠነ፣ አንገቱን የደፋ ነጭ አበባ መሬቱን ሞልቶታል። በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚያብበው ብዬ ጀመርኩ።

እማማ ይበላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይበላም አልኩ። ከብትስ ይበላዋል? እሱንም አይመስለኝም አልኩ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው ለምን ቆሞ ያየዋል?» አሉ።

ንግግሬን ሌላ ሰው ቢሰማው በእንባ ይታጠብ ነበር። እሳቸው ግን ሻንጣቸው ውስጥ ስለሚከቱት የሹራብ ብዛት ማሰብ ጀመሩ።

መንገዱ ሲታጠፍ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሱ አራት በጎ ፈቃደኞች ተንበርክከው ያርማሉ። እማማ ቆሙ። እግዜር ያበርታችሁ አሏቸው፤ እነሱም ፈገግ አሉ። ከዚያ እማማ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ መደቡ የታጠረበትን ገመድ ተሻግረው፣ ከጎናቸው ተንበረከኩ። በአንጎለላ አረም የሚያርም ሰው አጠገብ እጅን አጣጥፎ ማለፍ ነውር ነው፤ ለቅሶ የሚሄድ ሰው እንኳ ሁለት ጭብጥ ነቅሎ ነው የሚያልፈው። እኔም ገመዱን አልፌ ጃንጥላ ይዤ እላያቸው ላይ ቆምኩ። በሃያ ደቂቃ አንድ ጋሻ መሬት አጸዱ። ያልታደለ ሰው አንድ አልጋ የሚያክል መደብ ነበር ይላል።

ያኔ ነው ደረቷ ላይ ጁዲ የሚል ጽሑፍ የለጠፈች ጠና ያለች ፈረንጅ እየሮጠች የመጣችው። ጎብኚ ገመድ ማለፍ አይችልም አለች። ደሜ ፈላ። በነጻ የሚሠራ ሰው የሚባረርበት አገር የት ታይቷል? እኛ አገር ለሚያግዝ ሰው ጠላ ይቀርብለታል፣ እናንተ ደንብ ታቀርባላችሁ አልኳት። በእንግሊዝኛዬ ዳኛ አልቅሶ ያውቃል።

ጁዲ ጣቷን ወደ አረሙ ክምር ዘረጋች። ከአረሙ መሃል ገና ያላበቡ፣ ቅጠላቸው እንደ ሣር የቀጠነ፣ ሥራቸው እንደ ቀይ ሽንኩርት ራስ የተድቦለቦለ አሥራ አንድ ተክሎች ተነቅለው ተኝተዋል።

እማማ ምን አለች አሉኝ። አመሰገነችዎት አልኩ። እሳቸው ግን አንዱን አንስተው ገለበጡት።

«ሰርዶ መስሎኝ ነው። አጥፍቻለሁ። ንገራት» አሉ።

እኔ አማቴን ለፈረንጅ አላስደፍርም። የኢትዮጵያ የእርሻ ሊቅ ናቸው፣ የነቀሉት ለምርመራ ነው አልኩ። ጁዲ፣ እንግዲያው ስንት ጣት ጥልቀት እንደሚተከል ይንገሩኝ አለች። ጃንጥላውን ወደ ሌላው እጄ አዛወርኩ። እማማ ጥያቄውን እንኳ ሳይሰሙ በሦስት ጣታቸው አፈሩን ከፍተው፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርገው መልሰው ይተክላሉ። አንድ በአንድ፣ አፈሩን በመዳፋቸው እየጫኑ፣ አሥራ አንዱንም። ጁዲ አጠገባቸው ተንበርክካ ታያለች። ሲጨርሱ ቀና ብላ፣ እሳቸው ረቡዕ ረቡዕ ቢመጡ ደስ ይለናል፣ ፎርም አለው አለች። ቀጥላም ወደ እኔ ዞራ፣ አንተ ግን እባክህ ከገመዱ ውጣ አለችኝ።

እኔን። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት።

ሳልተረጉም ልቀር ነበር። የቤቴ እንግዳ የሰው አረም ሊያርም? በኋላ የሠርካለም እንባ ትዝ አለኝና እየቀፈፈኝ ነገርኳቸው። እማማ እጃቸውን አራገፉ።

«ረቡዕ ስንት ሰዓት?»

«ትኬቱስ እማማ?»

«እኔ የነቀልኩት ይጽደቅ አይጽደቅ ሳላይ የት እሄዳለሁ? ከፋሲካ በኋላ አድርጉት።»

ማታ ሠርካለም እናቷን አቅፋ አለቀሰች። አይታ የማታውቃትን ጁዲን መረቀች። ጃንጥላ የያዘውን፣ የነዳውን፣ የተረጎመውን፣ ከገመድ የተባረረውን ሰው ያነሳ የለም። ረቡዕ ደግሞ ብቸኛ የዕረፍት ቀኔ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ እማማ መኪናው ውስጥ ቀበቷቸውን አስረው ተቀምጠዋል። እኔ አንድ ጫማ አድርጌ ሌላውን እፈልጋለሁ፣ እሳቸው ጥሩንባውን ይነፋሉ። ጥሩንባው የት እንዳለ ማን እንዳሳያቸው እስካሁን አላወቅሁም።