የቢላዋ ሐሞት

«ቢላዋ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም አልጠሉትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥጋ ቤት የሠሩ ሴት ናቸው። ጉልበታቸው ከድቷቸው ሱቁን ለልጃቸው ካስረከቡ ወዲህ የሚቆርጡት ሥጋ ስላጡ ሰው መቁረጥ ጀመሩ፤ ከሰውም ሁሉ በቅርብ የተገኘችው የልጃቸው ሚስት ነበረች። እሷን አንድ ቀን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ልብስ ሰፊ ስለሆነች «ሰፊዋ» ይሏታል፤ ሲብስባቸው ደግሞ «ያቺ መርፌ»። እሷም ጥርሷን ነክሳ «እማማ» ትላቸዋለች። በሆዷ የምትላቸውን ግን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

እሳትና ጭድ በአንድ ጣሪያ ሥር የተገኙት ቤቱ የቢላዋ ስለሆነ ነው። ሰፊዋ ከጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናዋን ተክላ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የወፈረ ሰው ቀሚስ ታሰፋለች። ባልየው ሥጋ ቤቱን ይዟል ይባላል እንጂ ሥጋ አይነካም፤ ደም ሲያይ ላብ ላብ ስለሚለው ቆራጮች ቀጥሮ እሱ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ይቀመጣል። እናቱና ሚስቱ ሲጣሉ ስልኩን አውጥቶ ያቀረቅራል። «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወዳል። ለእናቱ «እሷ እኮ ልጅ ናት፣ እለፊያት» ይላል፤ ለሚስቱ «እሷ እኮ አሮጊት ናት፣ እለፊያት» ይላል። በሁለት ቢላዋ መብላት ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ አንድ ሰሞን የቢላዋ ዓይን ቢጫ ሆነ። ከዓይናቸው ወደ ቆዳቸው ወረደ፤ ከዚያ ማሳከኩ መጣና ገላቸውን በማበጠሪያ ሲፎክቱ ይውሉ ጀመር። «ይቺ ሴትዮ ናት በንዴት ቢጫ ያደረገችኝ» ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ሆስፒታል ሲገቡ ግን ሌላ ነገር ተገኘ፤ ሐሞት ወደ አንጀት በሚወርድበት ቱቦ ጫፍ ላይ ድንጋይ ተሰንቅሯል። ትኩሳት ስለነበራቸውና አቅም ስላነሳቸው ቀዶ ጥገናው እንዲቆይ ተወሰነ። ለጊዜው በቀኝ ጎናቸው ቀጭን ቱቦ እስከ ጉበታቸው ድረስ ተሰደደና ሐሞቱ ውጭ በተንጠለጠለች የፕላስቲክ ቦርሳ እንዲጠራቀም ተደረገ። ቢጫው ለቀቃቸው፤ ማሳከኩም ተዋቸው። ምላሳቸው ግን እንደነበረ ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ ከንፈራቸው ይሰነጣጠቅ፣ ሲነሱም ያዞራቸው ጀመር። ለክትትል ሲመለሱ ሐኪሟ የደም ምርመራውን ውጤት አየችና ባልና ሚስቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻቸው።

«ከቦርሳዋ የሚወጣውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እደፋዋለሁ» አለች ሰፊዋ።

«እሱ ነው እያደረቃቸው ያለው።»

ሐኪሟ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ በእጆቿ አየር ላይ እየሣለች አስረዳቻቸው። ጉበት እንቅልፍ የለውም፤ ሐሞቱን ቀን ከሌት ጠብ ጠብ ያደርጋል። ሆድ ባዶ ሲሆን የቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው በር ስለምትዘጋ ሐሞቱ ተመልሶ ከጉበት ሥር ባለችው ከረጢት ይጠራቀማል፤ እዚያም ውሃው እየተመጠጠ ይወፍራል። ስብ ያለው ምግብ አንጀት ሲደርስ ግን አንጀት በደም በኩል መልእክት ይልካል። ያኔ ከረጢቱ ይጨመቃል፣ በሯም ትከፈታለች፣ ሐሞቱ ወርዶ ስቡን ይበትነዋል።

«እስቲ ልብ በሉ» አለች፤ «ሥራውን ሲጨርስ አይጣልም። ትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ዋናው ነገሩ ተመጥጦ በደም ወደ ጉበት ይመለሳል። ጉበት ያንኑ መልሶ ይልከዋል፤ የተመለሰለትን እያየ የጎደለውን ብቻ ነው አዲስ የሚሠራው። አሁን ምንም አይመለስለትም። የሚሠራው ሁሉ ውጭ ይቀራል፤ ውሃውና ጨውም አብሮት ይሄዳል። እንዲህ ከቀጠለ ኩላሊታቸው ይደክማል። ለቀዶ ጥገናው አይደርሱም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«መልሰው ይጠጡት።»

ባልየው ግድግዳውን ያዘ።

ሐኪሟ አልቀለደችም። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ሐሞቱም ተመርምሮ ንጹሕ ነው፤ በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ፣ ተጣርቶ፣ ቀዝቅዞ፣ በወፍራም ጭማቂ ተደርጎ ጠዋትና ማታ ይሰጣቸው አለች። «እኔ ልንገራቸው?» ብላ ስትጠይቅ ባልየው ቀደም አለና «ግድ የለም፣ እኛው ቀስ አድርገን እንነግራታለን» አላት።

ከሆስፒታሉ በር እንኳ ሳይወጡ ሐሳቡን ለወጠ። «ከነገርናት አትጠጣም» አላት ሚስቱን። «ሐሞት የነካው ጉበት ለውሻ እንኳ የማትሰጥ ሴት ናት። በማንጎ ጭማቂ አድርገሽ ዝም ብለሽ ስጫት። እኔ ማወቄን ግን፣ አደራ!»

«ቢነቁብኝስ?»

«እኔ አለሁልሽ አይደል እንዴ!»

እዚህ ላይ ሰፊዋ ሞኝ ነበረች። አለሁልሽ ያለን ሰው የት እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የሚያዳልጥ፣ ወርቅማ አረንጓዴ የሆነ፣ ሽታው አፍንጫ ሥር የሚቀር ነገር ነው። ቢላዋ አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ እሷ ተንበርክካ ከቦርሳዋ ስትቀዳ፣ «ምን ያፈዝሻል፣ ድፊው እንጂ!» ይሏታል። «እሺ እማማ» ትልና ኩሽና ገብታ በንጹሕ ፋሻ ታጣራዋለች፤ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋም ከማቀዝቀዣው ጥግ ትሸሽገዋለች። አማቷን እንደምትጠላቸው ለራሷ አልደበቀችም። ግን መጥላት ሌላ፣ ሰው እጅ ላይ ሲደርቅ ማየት ሌላ። ደግሞም ቢሞቱ «ያቺ መርፌ ገደለቻቸው» መባሉ አይቀርም፤ ይህንንም አስባዋለች።

ቢላዋ ተሻላቸው። ከንፈራቸው ወዛ፣ ማዞሩም ቀነሰ። ባገኙት ጉልበት መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ሰፊዋን መስደብ ነበር። ጭማቂውን ሲጠጡ «ማንጎ እንኳ መምረጥ አታውቂም» ይሏታል፤ ቀጥለው «ስኳር ቤታችን ጠፋ?»፤ ቀጥለው ደግሞ ምንም ሳይሉ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ያዩታል።

ያን ምላስ ማንጎ አያታልለውም። ቢላዋ ስንቱን ጉበት አውጥተዋል፤ ያቺን አረንጓዴ ከረጢት ሳትፈነዳ በሁለት ጣት ለይቶ መጣልን ለቆራጮቹ ሁሉ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። የፈነዳችባቸው ቀን ምሬቱ ከጥፍራቸው ሥር አልለቅ ብሎ የበሉት ሁሉ ሐሞት ሐሞት ሲላቸው ይሰነብታል። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ጉንጭ ጭማቂ አፋቸው ውስጥ ያዝ አድርገው አቆዩና ዋጡት። ቀሪውን ከነብርጭቆው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አልተሳደቡም። ቢላዋ ሳይሳደቡ ሲቀሩ መፍራት ነው። ልጃቸውን ከሱቅ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ከቤቱ አስጠሩ።

ወንድምየው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ሰው ሲጣላ መሐል መቀመጥ ደስ ይላቸዋል። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። እታለም፣ እስቲ አንቺ ጀምሪ።»

«ምኑን እጀምረዋለሁ! ይቺ ሴትዮ የበግ ሐሞት እያጠጣችኝ ነው!»

አጎትየው ስለ ጨው መብዛት ወይም ስለ ቁልፍ መጥፋት ነበር የጠበቁት። «የበግ?» አሉ።

«የበግ! ያውም ከገዛ ሥጋ ቤቴ፣ ቆራጮቹን አባብላ! ብርጭቆው ይኸው፣ ቅመሰው። ለኔ ስለ ሐሞት የሚነግረኝ ሰው አለ? ዓይኔን ጨፍኜ የበጉን ከበሬው እለያለሁ። ታምሜ፣ ጎኔ ተበስቶ፣ የራሴ ሐሞት ደጅ ተንጠልጥሎ፣ እሷ የከብት ሐሞት ትግተኛለች! እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም። ዛሬውኑ ከቤቴ ትውጣልኝ!»

አጎትየው ወደ ሰፊዋ ዞሩ። «ልጄ፣ ይኼ ነገር እውነት ነው? ሐሞት አድርገሽበታል?»

ሰፊዋ ባሏን አየችው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያገላብጣል። ከተናገረች ቢላዋ ዳግመኛ አይጠጡትም፤ ካልጠጡት ይደርቃሉ። ካልተናገረች ደግሞ ለታመመ ሰው ሐሞት የጋተች ተብላ ዕቃዋን ይዛ ትወጣለች፤ ይህ ስም ደግሞ እስከ ደንበኞቿ ድረስ ተከትሏት ይሄዳል። ከሁለቱም የሚያወጣት አንድ ሰው ነው፤ እሱም እዚሁ ተቀምጧል። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀችው።

«አንተስ ምን ታውቃለህ?» አሉት አጎቱ።

«እኔ እንኳ» አለ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ሱቅ ነው የምውለው። ኩሽና ውስጥ ምን እንደሚደረግ አላውቅም።»

የሰፊዋ ቆሽት አረረ። የቢላዋ ስድብ ሁሉ ተደምሮ እንደዚህች ቃል አላቃጠላትም። ቢላዋ ጠላት ናቸው፤ ጠላት ደግሞ የት እንደቆመ ይታወቃል።

«ካላደረግሽ ጠጪውና ይለይልን» አሉ አጎትየው።

«አልጠጣውም።»

«ይኸው!» አሉ ቢላዋ ጭናቸውን በጥፊ እየመቱ። «ይኸው፣ በአፏ!»

ሰፊዋ ተነሳች። ብርጭቆውን አንስታ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ባሏ ሄደች፤ አፍንጫው ሥር ያዘችለት።

«እሱ ይጠጣው። ሱቅ ነው የሚውለው፣ ምንም አያውቅም። ለሱ የማንጎ ጭማቂ ነው።»

«ተይ እንጂ…»

«ምን አለበት? እናትህ የቀመሱትን ነው።»

ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ብርጭቆውን እያየ አንድ ጊዜ ምራቁን ዋጠ፣ ሁለተኛው ግን አልዋጥ አለው። አፉን በመዳፉ ይዞ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠ። ሲያስመልሰው ድምፁ እስከ ሳሎን ተሰማ። አጎትየው ባርኔጣቸውን ከወዲያ ወዲህ አሽከረከሩ።

ቢላዋ በሩን እያዩ ቆዩ። የሚጠረጥሩት ነገር ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሲመጣ ሰፊዋ አየችው። ልጁ ጢሙን እየጠረገ ብቅ ሲል፣ «አንተ፣ ያልቀመስከው ነገር ምኑ አስታወከህ?» አሉት።

ልጁ ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ቢላዋ ወደ ሰፊዋ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «የማን ሐሞት ነው?»

«የእርስዎ ነው እማማ።»

«የኔ?»

«የእርስዎ። ሐኪሟ ናት ያዘዘችው። ጉበትዎ የሚሠራው ሁሉ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ደርቀው ነበር፤ ካልተመለሰልዎ ኩላሊትዎ አይችልም። ከፈለጉ ያባርሩኝ። እሱን ግን ይጠጡት።»

ቢላዋ እጃቸውን ጎናቸው ላይ ወዳለችው ቦርሳ ሰደዱና ዳበሷት። ለብ ብላለች። «የበግ መስሎኝ…» አሉ፤ እንዲህ ብለው የሚያውቁ ሴት አልነበሩም። ቆይተው ደግሞ፣ «እሱስ ያውቃል?»

«ሐኪሟ ስትነግረን አብረን ነበርን።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለ ልጁ። «ላንቺው ብዬ ነው።»

«ለኔ ብለህ ነው ሚስትህ ፊትህ ስትባረር የተቀመጥከው?»

«ነገሩ በረድ ሲል ልነግርሽ…»

«ስወጣ እኮ ነው የሚበርደው» አለች ሰፊዋ።

ቢላዋ እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን ተቀበሏት። ዓይናቸውን ከልጃቸው ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጡት። ፊታቸው አልተኮማተረም፤ የተኮማተረው የሱ ነው። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ፣ «ያበላሸው ማንጎው ነው» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ብቻውን ነው የምጠጣው።»

አጎትየው ተነስተው «እንግዲህ ይቅር ተባባሉ፣ የቤት ነገር ነው» አሉ። የሰማቸው ሰው ስላልነበረ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

ሰፊዋ ጓሮ ክፍሏ ገብታ የስፌት መኪናዋን ከጠረጴዛው ትፈታ ጀመር። ባሏ ተከትሏት መጣ።

«ምን እየሠራሽ ነው? አለፈ እኮ! ጠጣች እኮ!»

«ጠጡ።»

«ታዲያስ? እኔ ምን አደረግኩ?»

«ምንም» አለችና የመጨረሻውን ብሎን አወጣች። ክሱ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልጨመረችበትም።

ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከተተች። ከመውጣቷ በፊት ግን ከማቀዝቀዣው ጠርሙሱን፣ ከመሳቢያው ፋሻውን አምጥታ ቢላዋ ፊት አስቀመጠች። ዕዳ አለብኝ ብላ አይደለም፤ የጀመሩትን ሥራ ሳይቋጩ መተው ልብስ ሰፊ አይሆንላትም።

«መክፈቻው ወደ ታች ነው። እጅዎን ታጥበው ነው የሚነኩት። ሲጨርሱ ጠበቅ አድርገው ይዝጉት።»

«እኔ ሐሞት ስለይ አንቺ አልተወለድሽም።»

«ያ የሞተ ከብት ነው። ይሄ እየሠራ ነው። እስቲ ይክፈቱት፣ ልይዎት።»

ቢላዋ አጉረመረሙ፣ ታጠቡ፣ ከፈቱት። ሰፊዋ አላገዘቻቸውም፤ ጠርሙሱን ብቻ እንዳይወድቅ ያዘችላቸው። ወርቅማው አረንጓዴ ነገር ቀጥ ብሎ ወረደ፤ አንድም ጠብታ አልፈሰሰም።

«እንዲህ ነው» አለች።

«ስላደረግሽው ብዬ የምወድሽ እንዳይመስልሽ» አሉ ቢላዋ መክፈቻውን እየዘጉ።

«እኔም አልወድዎትም።»

መኪናዋን በአንድ ክንዷ፣ ሻንጣዋን በሌላው ይዛ ወደ በሩ አመራች። ባልየው ከኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ሚስቱን ያያል፤ ማን ቀድማ እንድትለሳለስለት እንደሚጠብቅ ያስታውቃል። ማንም አልተለሳለሰችለትም።

«ሂጂ» አሉ ቢላዋ ከወንበራቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ። «እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ግን ወልጄዋለሁ፤ የት እሄዳለሁ?»

ሰፊዋ በሩን ከውጭ በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።